የእትዬ የታችኛው መሳቢያ

ሰኞ ማታ

እትዬ ዛሬ ሆስፒታል ተኛች። ሆዷ ውስጥ ያለው እጢ በቀዶ ጥገና ይውጣ ተብሏል። የሚደረገው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ደሟ፣ ልቧ፣ ኩላሊቷ ይመረመራል። ሐኪሙ «መደረጉ አይቀርም» አለ እንጂ «አይዟችሁ» አላለም። የሥራ ብዛት ይሆናል።

አልጋዋ ላይ ጋደም ካለች በኋላ ጠጋ በይ አለችኝ። ኑዛዜ መሰለኝ።

«የቁም ሳጥኔ ቁልፍ ይኸውልሽ። የታችኛው መሳቢያ። ያለው በሙሉ ይጥፋ።»

«ምንድን ነው ያለው?»

«የውስጥ ልብስ ነዋ፣ አሮጌ። ምን መሰለሽ፣ ወርቅ?»

«እሺ፣ እጥለዋለሁ።»

«ጣይው አላልኩም። ይጥፋ ነው ያልኩት። ሰው እንዳያየው። ምራቴ ልታስታምመኝ ትመጣለች። ብሞት ያንን መሳቢያ የምትከፍተው እሷ ናት።»

«እትዬ ደግሞ! ምን ሞት አመጣው?»

«መጣም አልመጣም መሳቢያው ባዶ ይሁን።»

ዕድሜዋን ሙሉ ትምህርት ቤት ስትመራ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ወጥታም ሰፈሩ ሁሉ ዳይሬክተር ነው የሚላት። ኮሌታዋ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። አዛኝ አይደለችም፣ ግን ፍትሐዊ ናት። እሺ አልኳት።

ደህና ነኝ። በሽታው ታወቀ፣ ሐኪም አለ፣ አልጋ ተገኘ። ምን ጎደለ።

ማክሰኞ

መሳቢያውን ከፈትኩት። መልሼ ዘጋሁት። ሥራ ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

ዛሬ ወለሉ ላይ ተቀምጬ በደንብ አየሁት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ገላዬን አጥባኛለች፣ ጸጉሬን ሠርታኛለች። እኔ ግን የእሷን የውስጥ ልብስ አይቼ አላውቅም ነበር።

የሙታንታዎቹ ላስቲክ ረግቦ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። የአንዱ ላስቲክ ጭራሽ ወጥቶ የጫማ ማሰሪያ ገብቶበታል። ጡት መያዣዎቹ ነጭነታቸው ቀርቶ ሻይ መስለዋል፤ አንዱ ሽቦው እንዳይወጋት በፕላስተር ተለጥፏል። የጁፖኑ ጠርዝ ተበልቶ ታጥፎ ተሰፍቷል፣ እንደገና ተበልቶ እንደገና ታጥፏል። ስፌቱ የራሷ የእትዬ ነው፤ ትልልቅ፣ የተናደደ ሰው ስፌት። እኔ እዚሁ ሕንጻ ላይ፣ ከእሷ በላይ፣ የስፌት መኪና ይዤ ነው የምኖረው። አንድ ቀን «እስቲ ይህችን ንኪልኝ» አላለችኝም።

በተሰለፈ ተማሪ ፊት ቀጥ ብላ ስትቆም በመርፌ ቁልፍ ተይዛ ነበር ማለት ነው።

ሳቄ መጣ። ኋላ ደግሞ ሄደ።

ሐሙስ

ጠዋት ሁሉንም ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ወረድኩ። ጠርሙስ የሚለቅሙት ሰዎች ቀድመውኛል። እያንዳንዱን ፌስታል ፈትተው፣ ያለውን አስፋልት ላይ ዘርግተው ነው የሚመርጡት። የማን እንደሆነ የማውቀው የሌሊት ልብስ መንገዱ መሃል ተንጋሏል።

አንዱ በትህትና ቀረበኝ። «እናቴ፣ ያምጡ ልቀበልዎት።»

«አይ፣ ምሳዬ ነው።»

ምን አስዋሸኝ? ፌስታሉ ትራስ ያክላል። ሰውዬው ፌስታሉን አየ፣ እኔን አየ። «ይስማማዎት» አለኝ።

አርብ

ማቃጠል አሰብኩ። ከሕንጻው ጀርባ ቅጠል የሚቃጠልበት በርሜል አለ። ዘበኛውን አስፈቀድኩት።

«ምንድን ነው የሚቃጠለው?»

«ወረቀት።»

«ወረቀት ከሆነ ለእኔ ስጪኝ፣ አነበዋለሁ። ላስቲክ ነገር ከሆነ ግን አይሆንም እህቴ። ባለፈው አንዱ ካልሲ አቃጥሎ ሰው ሁሉ ሲያስል ዋለ።»

እውነቱን ነው። ፌስታሉን ይዤ ተመለስኩ።

ማታ እትዬ ጠየቀችኝ። «አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው።»

«እኔም ሊያልቅልኝ ነው» አለች። መቀለዷ ነው። የሾርባ ሳህኗን ይዤ ላጥብ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ ብዙ ቆየሁ፤ ሳህኑ ቅባት ነበረው።

ቅዳሜ

እኔ ማንበብ የተማርኩት ከመጠቅለያ ነው። እትዬ ፊደል ካስቆጠረችኝ በኋላ ትምህርት ቤት አልዘለቅኩም፤ ሳሙና፣ ቁልፍ፣ ክር የተጠቀለለበትን ወረቀት እያነበብኩ ነው ያደግኩት። ደስ ያለኝን ብጣሽ ዛሬም ብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ስለ ኮከቦች ግማሽ፣ ስለ ጉበት ግማሽ፣ ስለ አንዲት ንግሥት መነሻዋን ብቻ አውቃለሁ።

አንዱ ብጣሽ ትዝ ብሎኝ ጣሳውን ገለበጥኩት። አገኘሁት!

«ያረጀ የውስጥ ልብስዎን በኃላፊነት ለማስወገድ፦ በመጀመሪያ በሚገባ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ሽቦ፣ መንጠቆና ላስቲክ ካለው ይለዩ። የጥጡን ጨርቅ ከናይለኑ ለይተው በትንንሹ በመቁረጥ ለ…»

እዚያ ላይ ተቀዷል። ጀርባው የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው። የእኔ እውቀት ሁሉ እንዲህ ነው፤ መጨረሻ የለውም። ግን መጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ይታጠብ።

እሁድ

አጠብኳቸው። ቀቀልኳቸው። ጣሪያው ላይ ካሉት ሦስት ገመዶች በመሃለኛው ላይ ሰቅዬ፣ በግራና በቀኝ በእትዬ አንሶላ ጋረድኳቸው። ከየትም አይታዩም።

ንጹሕ ሲሆኑ ደስ አሉኝ። ነፋሱ ሲሞላቸው ሰው የለበሳቸው ይመስላሉ። ትንሽ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነገ ይደርቃሉ፣ ነገ እቆርጣቸዋለሁ። ወይም ከነገ ወዲያ።

ሰኞ፣ ቀትር

ዝናብ። ሥራ ላይ ነበርኩ። አስፈቅጄ ሮጥኩ። ገመዱ ባዶ ነው። አንሶላውም የለም። ማን?

ሰኞ ማታ

ጉድ ፈልቷል።

ጎረቤታችን፣ ሬዲዮ የምንላት፣ ልቧ ንጹሕ ነው፤ አፏ ግን ማጥፊያ የለውም። ዝናቡ ሲጀምር ጣሪያ ላይ ወጣች። አንሶላው የእትዬ መሆኑን አወቀች። «ምስኪን ዳይሬክተር፣ ሆስፒታል ተኝታ ቅያሪዋ ሊበሰብስ!» ብላ ሰበሰበችው። ሰብስባ ብትተወው ምን ነበረ! ተኮሰችው። አጣጠፈችው። በጠያቂ ሰዓት ሆስፒታል ይዛው ሄደች።

እኔ ስደርስ ሬዲዮ የመጨረሻውን ከፌስታሉ እያወጣች ነበር። ክፍሉ በጠያቂ ሞልቷል። ሲስተሯ መድኃኒት ይዛ ቆማለች፤ ሲስተሯ ደግሞ የእትዬ ተማሪ የነበረች ልጅ ናት።

«ዳይሬክተር፣ ዝናቡ ሊያበላሽብዎት ሲል ደረስኩልዎት! አይዞዎት፣ ሁሉም አለ፣ አንድም አልጎደለ!»

አልጋው ላይ በደረጃ ደረደረችው። ባለ ጫማ ማሰሪያው ከላይ ነበር፤ በካውያ ተተኩሶ፣ ማሰሪያው በአበባ ተቋጥሮ። አጠገብ የተኛችው ሴትዮ አንገቷን አስግጋ አየች።

እትዬ ልብሱን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

«ያልኩሽ ይሄንን ነው?»

«እትዬ፣ መታጠብ አለበት የሚል ወረቀት አንብቤ…»

«ሂጂ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፌስታሉን ይዤ ወጣሁ። ሬዲዮ ኮሪደሩ ላይ ተከተለችኝ። «ምን አጠፋሁ? ንገሪኝ እስቲ! ሰው ቅያሪ አይፈልግም? ደግሞ እኮ ተኩሼ ነው!»

ምንም አላጠፋሽም አልኳት። እውነቴን ነው።

ማክሰኞ

ቀዶ ጥገናው ለነገ ነበር። ተራዝሟል፤ ደም ግፊቷ ወጥቷል። መቼ ወጣ ብዬ ጠየቅኩ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ አሉኝ።

ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ።

ሁለት ሐኪሞች ደረጃው ላይ ሲነጋገሩ አለፍኩ። «ባይቆይ ይሻል ነበር» አለ አንዱ። ስለ ማን እንደሆነ አላውቅም። ስለ ስንት ሰው ያወራሉ።

ረቡዕ

ሄድኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ የጠያቂ ሰዓት አለቀ፣ ተነሣሁ። ያመጣሁላትን ብርቱካን አልነካችውም። ይህም ደህና ነው፤ ውጪ አላለችኝም።

ሰው ሳያይ ይጥፋ፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። በዕድሜዋ የጠየቀችኝ ነገር እኮ እሱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ሲስተሯ ግፊቷን ለመለካት መጣች። እትዬ ክንዷን ሰጠቻት እንጂ ፊቷን አልሰጠቻትም። ልጅቷ እየለካች፣ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ «ዳይሬክተር፣ እኔ ከዚህ ነጭ ጋውን ሥር የለበስኩትን ቢያዩ ወላጅ አምጪ ነበር የሚሉኝ» አለች።

አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ ቀጠለች። «የእኔስ! ለቀዶ ጥገና አውልቂ ሲሉኝ የፈራሁት ቢላውን አይደለም።»

ከመስኮቱ ጥግ ያሉት አሮጊት፣ በተንቀሳቀሱ ቁጥር የሚያቃስቱት፣ «እኔማ የባሌን ነው የምለብሰው። እሱ ከሞተ ወዲህ ማን ያየኛል?» አሉ።

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ሲስተሯ መለኪያውን መልሳ መንፋት ነበረባት። እትዬ አልሳቀችም። ግን ከኋላ ሆኜ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከዚያ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ብርቱካን እንደምትፈልግ ገባኝ። ልጬ ሰጠኋት።

ኮሪደሩ ላይ ሲስተሯ ያዘችኝ። «እናቴ፣ ግፊቷ ወርዷል፤ ሰኞ ቀዶ ጥገና ትገባለች። ትንሽ ትራስ ይዘው ይምጡ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሲያስላት ሆዷ ላይ አጥብቃ ታቅፈዋለች፣ ስፌቱን ይደግፍላታል። ጠንከር ያለ ይሁን፣ ግን የማይቆረቁር።»

ትራስ ማለት የእኔ ሥራ ነው። ከፍራሽና ከትራስ ሌላ ምን አውቃለሁ።

አርብ

ፌስታሉን ሥራ ቦታ ወሰድኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጡ መቀሱን አነሣሁ። እጄ እምቢ አለ። አሮጌ ልብስ ነው፣ የምቆርጠው ጨርቅ ነው እያልኩ ጥቂት ቆየሁ። ልብሱ እስካለ ድረስ ባለቤቱ ለመመለስ ምክንያት አላት፤ እንዲህ ያለ ሞኝ ነገር መጣብኝ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለነበር ይሆናል እጄ የደነዘዘው።

ቆረጥኩ። መንጠቆዎቹን ፈትቼ ቁልፍ ማስቀመጫዬ ውስጥ ጨመርኩ፣ ይሠራሉ። ሽቦዎቹ ብረት ከሚሰበስበው ሰው ዘንድ ይሄዳሉ፤ ጨርቃቸው ከተገፈፈ ሽቦ ሽቦ ነው፣ ማንም አያውቃቸውም። ናይለኑንና ላስቲኩን በጣም ከትፌ ለመሃሉ አደረግኩት፣ እሱ ነው ትራሱን ጠንካራ የሚያደርገው። ጥጡን በአውራ ጣት ልክ ቆርጬ በዙሪያው ሞላሁ፣ እሱ ነው የማይቆረቁረው። የጫማ ማሰሪያውንም አልጣልኩትም፤ ጥግ ላይ ማንጠልጠያ ሆነ።

አለቃዬ ምሳውን በልቶ ሲመለስ አገኘኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ መጋዘን ሙሉ ሙሌት እያለልሽ ምን ትከትፊያለሽ?»

«ይሄ ልዩ ነው።»

ቆንጥሮ በጣቱ አሸው። «እንዴት ይለሰልሳል! ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአንድ ቦታ ብቻ። አልቋል።»

ያ ብጣሽ ወረቀት መጨረሻው ላይ ምን ይል እንደነበር አሁን ያወቅኩ ይመስለኛል።

ቅዳሜ

መሳቢያውን ልወለውል ገባሁ። ታች የተነጠፈውን ጋዜጣ ሳነሣው ከሥሩ ሌላ አለ። ወፍራም ያለ፣ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ። ገለጥ አድርጌ አየሁ።

የእኔ እጅ ነው። ባለፉት ዓመታት የሰፋሁላት የውስጥ ልብስ በሙሉ፤ ጥጥ፣ ጠርዙ ዳንቴል፣ አንዱ ሐምራዊ። አንዱም አልተለበሰም። በሰጠኋት ቁጥር «እንዴት ይመቻል መሰለሽ!» ትለኝ ነበር።

ምንም አልተሰማኝም። መሳቢያውን ከሚገባው በላይ ወለወልኩት።

እሁድ

ነገ ትገባለች። ሳልጠይቃት መተው አልቻልኩም።

«ከጋዜጣው ሥር ያሉትም ይጥፉ?»

«እነሱማ አዲስ ናቸው።»

«ለምን አልለበስሻቸውም?»

«ለጥሩ ቀን አስቀምጫቸው ነበር። ቀኑን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ… ኋላ ደግሞ ለመጨረሻው ቀን ይሁኑ አልኩ። የነገው ካልሆነልኝ ሐምራዊውን አልብሺኝ። የሚያለብሱኝ ሰዎች እኔ ማን እንደሆንኩ ይወቁ።»

«የሚያውቁሽማ እኔን አይተው ነው።»

«አንቺን አይተውማ ጉድ ነው የሚሉኝ» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችው። ቀዝቃዛ ነበር፣ የማንኛችን እንደሆነ አላውቅም። «ሰደብኩሽ። ሲያልፍ ይረሳል።»

«አልሰደብሽኝም፣ ሂጂ ነው ያልሽኝ።»

«ብልሽስ፣ መች ሄድሽ!»

ሰኞ

ገባች።

አልወጣችም።

ሬዲዮ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሬዲዮ!

ወጣች። ትተነፍሳለች። ጽፌ መጨረስ አልችልም።

ሐሙስ

ቁጭ አለች። ስታስል ትራሱን ሆዷ ላይ አጥብቃ ታቅፈዋለች። «ይሄ ትራስ ባይኖር ተበጥሼ ነበር» አለችኝ። ስለ ውስጡ አልጠየቀችም፣ እኔም አልነገርኳትም። ሐኪሙ እጢው ክፉ አይደለም አለ። ዛሬ «አይዟችሁ» አለ፤ አሁን እንኳን ባይለንም ግድ አልነበረንም።

ምራቷ መጣች። ረጋ ያለች፣ ጥፍሯ የተከረከመ፣ እትዬን «እማማ» የምትል ልጅ። ቤቱን እሷ አዘጋጀች። ማታ ሆስፒታል መጥታ፣ «አክስቴ፣ እማማ እንዴት ያለች ሥርዓተኛ ሴት ናት!» አለችኝ እትዬ እየሰማች። «ፎጣ ላስቀምጥ መሳቢያዋን ብከፍት የውስጥ ልብሷ እንኳን ከነወረቀቱ ነው። የእኔን መሳቢያ አትክፈቱብኝ እንጂ!»

እትዬ ከትራሱ በላይ አየችኝ። ከዚያ ረጅም ሳል ያዛት።

«ትራሱስ እንዴት ያምራል» አለች ምራቷ፣ ማሰሪያውን በጣቷ እያንቀሳቀሰች። «ምን ሞልተሽው ነው?»

«ጥጥ።»

«ንጹሕ ነው?»

«የተቀቀለ ነው።»

ማክሰኞ

እትዬ ቤቷ ገባች። ምራቷ ገበያ ሄዳለች። ገላዋን በእርጥብ ፎጣ ጠራርጌላት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ትራሷን ታቅፋ።

«የውስጥ ልብሴን አቀብዪኝ።»

«የትኛውን?»

«የዘወትሩን ነዋ።»

«የዘወትሩ ይጥፋ ብለሽኝ የለ?»

«እና አጠፋሽው? በሙሉ? የት አደረስሽው?»

በአገጬ አሳየኋት። ወደ ኋላዋ ዞራ ፈለገች፣ አልጋውን አየች፣ ወለሉን አየች። ከዚያ የታቀፈችውን አየች። ማሰሪያውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ቁልቁል አፈጠጠችበት።

«በሙሉ?»

«በሙሉ። ትራስ ከሆነ ወዲህ ማንም አላየውም። ምራትሽ እንኳን በእጇ ነክታው አላወቀችውም።»

ሳቅ ጀመራት። ስፌቱ እንዳያማት ትራሱን ሆዷ ላይ ጨመቀችው፣ የጨመቀችው ምን እንደሆነ ትዝ ሲላት ደግሞ ባሰባት። «አታስቂኝ፣ አንቺ ሰይጣን፣ ልፈነዳ ነው!» እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የእኔም ወረደ፣ ከሳቁ ነው።

ሲበርድላት ዓይኗን ጠረገች። «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ሌላ ምንም የለውም?»

«ምንም የለውም። ማክሰኞ ብቻ።»

ጥቂት አሰበች።

«በይ ሐምራዊውን አምጪው።»

ከነወረቀቱ ሰጠኋት። ልትቀደው ስትል፣ «ቀስ አድርጊው፣ ወረቀቱን እፈልገዋለሁ» አልኳት። አልሰማችኝም። ግማሹን ይዤ የምጽፈው በእሱ ላይ ነው፤ ሌላው ግማሽ አልጋው ሥር ገብቷል።